በአሜሪካ ብድር ያልተከፈለባቸው ተሽከርካሪዎች ፍለጋና አወሳሰድ

በዩናይትድ ስቴትስ በብድር የተገዛ ተሽከርካሪ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ለአበዳሪው መያዣ ሆኖ ይቆያል፡፡ ተበዳሪው ክፍያውን ሲያቋርጥ አበዳሪው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ተሽከርካሪውን መውሰድ እንደሚችል፣ ይህ መብት የሚጸናው ግን ሰላም እስካልደፈረሰ ድረስ ብቻ መሆኑን የወጥ የንግድ ሕግ አንቀጽ 9 ይደነግጋል፡፡ በአብዛኞቹ ግዛቶች ከመውሰድ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታ አይደለም፡፡

ሥራውን የሚያከናውኑት ከአበዳሪው ጋር ውል ያላቸው ወኪሎች ናቸው፡፡ ፍለጋው የሚጀምረው ተበዳሪው ብድር ሲጠይቅ በቅጹ ላይ ካሰፈራቸው የመኖሪያና የሥራ አድራሻዎች ነው፡፡ በዚህ ካልተገኘ በወኪሎች መኪና ላይ የተገጠሙ ካሜራዎች በየመንገዱና በየመኪና ማቆሚያው ያነበቧቸው ሰሌዳዎች፣ ከታዩበት ቦታና ሰዓት ጋር ተመዝግበው ከሚፈለጉት ዝርዝር ጋር ይመሳከራሉ፡፡ አንዳንድ ሻጮች ደግሞ አስቀድመው ጂፒኤስ ያስገጥማሉ፡፡ ወኪሉ መኪናውን ከመጎተቱ በፊት በመስታወቱ በኩል የሚታየውን የሻንሲ ቁጥር ከትዕዛዙ ጋር ያመሳክራል፡፡

የተቆለፈ ጋራዥ መስበር፣ ማስፈራራትና ኃይል መጠቀም ክልክል ነው፡፡ በብዙ ግዛቶች ባለመኪናው በቦታው ተገኝቶ ከተቃወመ ወኪሉ መሄድ ይኖርበታል፡፡ ፖሊስም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወኪሉን ቢያግዝ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ ደግሞ ከመቀጠራቸው በፊት መኪና በብድር የገዙና መክፈል የጀመሩ የሠራዊት አባላት በአገልግሎት ላይ ሳሉ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ መኪናቸው እንዳይወሰድ ይከለክላል፡፡

መኪናው መወሰዱ ዕዳውን አይሰርዝም፡፡ አበዳሪው ከሽያጩ በፊት ለተበዳሪው ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ ተበዳሪውም እስከዚያው ቀሪውን ዕዳና ወጪውን ከፍሎ መኪናውን ማስመለስ ይችላል፡፡ የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ልዩነቱን ይጠየቃል፤ ትርፍ ከተገኘ ደግሞ ይመለስለታል፡፡ በመኪናው ውስጥ የተገኙ የግል ዕቃዎች የመያዣው አካል አይደሉም፡፡

በኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በውል መሠረት፣ ቢያንስ የ30 ቀናት ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣን በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተሽከርካሪን ጨምሮ በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የሚመሠረት የዋስትና መብት የሚመዘገብበትን ሥርዓት ዘርግቷል፡፡