ከኩራዝ እስከ ሶላር፦ የመብራት ወጪ በአርሶ አደሩ ቤት

እንደሚታወቀው በሀገራችን ገጠር ምሽት ማለት ለረጅም ዘመን የምድጃ እሳት ማለት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወይም ሰው ሲታመም ጧፍ ወይም የጉሎ ዘይት ይበራ እንደሆነ እንጂ በየማታው ለመብራት ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ቤት ጥቂት ነበር። ላምባ (ነጭ ጋዝ) ወደ ገጠር ገበያ ከገባ በኋላ ግን ከቆርቆሮ ወይም ከጠርሙስ የሚሠራው ኩራዝ በየጎጆው ተሰቀለ። ከኩራዙ ጋርም ለብርሃን በጥሬ ገንዘብ መክፈል ልማድ ሆነ። የሶላር መብራት “ወጪውን ይመልሳል ወይስ አይመልስም?” የሚለው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ሶላር የሚመልሰው ቀድሞ ይወጣ የነበረውን ገንዘብ ነውና፣ ምንም የማይከፍል ቤት የሚመለስለት ነገር የለም።

ይህ ወጪ ግን በአብዛኛው የማይታይ ነው። ላምባው በጠርሙስ ይገዛል፤ የእጅ ባትሪና የሬዲዮ ድንጋይ በገበያ ቀን ሁለት ሁለት እየተባለ ይገዛል፤ ከሞባይል መምጣት ወዲህ ደግሞ ስልክ ወደ ከተማ ተልኮ በክፍያ ቻርጅ ይደረጋል። ሁሉም ሳንቲም ሳንቲም ስለሆነ ማንም አይደምረውም። አንድ ተራ ኩራዝ በማታ አራት ሰዓት ቢበራና በሰዓት 12 ሚሊ ሊትር ያህል ቢያቃጥል በወር ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይጠጣል። ሁለት ኩራዝ ያለው ቤት በዓመት ከ30 ሊትር በላይ አቃጠለ ማለት ነው። ጭሱ በዓይንና በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ በሣር ቤት ውስጥ የሚያስነሳውም ቃጠሎ በዚህ ሂሳብ አልገባም።

የፀሐይን ብርሃን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዘመናዊ የሲሊከን ሴል ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ዳሪል ቻፒን፣ ካልቪን ፉለርና ጄራልድ ፒርሰን የሠሩት ይህ ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። ዋጋው ለመኖሪያ ቤት የሚታሰብ ስላልነበረ መጀመሪያ ሥራ ያገኘው በሰማይ ላይ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት በዚሁ ኃይል ሬዲዮዋን አሠራች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአንድ ዋት ዋጋ ከ100 ዶላር ገደማ ወደ 20 ዶላር ሲወርድ ቴክኖሎጂው ወደ ምድር ወረደ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ለሚገኝ አንድ የገጠር መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሶላር ጣቢያ ተተክሎ 300 ለሚሆኑ ቤተሰቦች መብራት ሰጥቶ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ ጭምር እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ወደ ሀገር ከገባው ፓነል አብዛኛው ያገለገለው የቴሌን ጣቢያዎች ነው። ገበሬው ሶላርን ያውቅ የነበረው በተራራ አናት ላይ፣ በአጥር ተከቦ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 317/1995 ተቋቋመ። ወደ ቤት መግባቱን በግልጽ ያሳየችው ግን የሰሜን ሸዋዋ ሬማ ናት። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የጀርመን የሶላር ፋውንዴሽን በዚያ ቤት ለቤት አነስተኛ ሶላር ተከለ፤ ፓነሉ 10 ዋት ያህል ብቻ ሲሆን ጥቂት የኤልኢዲ መብራቶችን ያበራ ነበር። ከዚህም በላይ የሚጠቀሰው በሬማ የሶላር ባለሙያ ማሠልጠኛ መከፈቱና ተጠቃሚዎች በየወሩ ለጥገና የሚሆን ጥቂት ገንዘብ እንዲከፍሉ መደረጉ ነው። ፓነሉን የሰጠ ድርጅት ብዙ ነው፤ ጠጋኙን ትቶ የሄደ ግን ጥቂት ነው።

10 ዋት እንዴት በቃ? ብዙ ሰው ሶላር የረከሰው ፓነሉ ስለረከሰ ብቻ ይመስለዋል፤ አምፖሉም የራሱን ድርሻ ተጫውቷል። የድሮው አምፖል 40 ዋት፣ ቀጥሎ የመጣው ቆጣቢ አምፖል 11 ዋት ገደማ ይፈልግ ነበር። ኤልኢዲ ለአንዲት ክፍል የሚበቃ ብርሃን በሁለትና በሦስት ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ፓነሉም ባትሪውም አነሰ፤ የአርሶ አደሩ አቅምም ደረሰበት።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ቁጥሩ ለአሠራር እንዲመች የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ለላምባ፣ ለባትሪ ድንጋይና ለስልክ ቻርጅ በወር 100 ብር ያወጣ ነበር እንበል። ሶላሩ ከነመብራቱና ከነባትሪው 3,000 ብር ቢሆን በ30 ወር ወጪውን መለሰ ይባላል። ሻጩ የሚናገረው እዚህ ድረስ ነው። ነገር ግን ፓነሉ ከ20 ዓመት በላይ ሲያገለግል የእርሳስ ባትሪው ብዙ ጊዜ ከሦስት ዓመት አይዘልም። ባትሪው 900 ብር ከሆነ በወር 25 ብር መቀመጥ አለበት። የተረፈው 75 ብር ስለሆነ መመለሻው 40 ወር ይሆናል። ዕቃው በብድር ከተገዛና ወለዱ ተደምሮ 3,600 ብር ከሆነ ደግሞ 48 ወር፣ ማለትም አራት ዓመት ይደርሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብድሩ በሦስት ዓመት እንዲመለስ ከተደረገ ወርሃዊ ክፍያው 100 ብር ይሆናል፤ ከላምባ የዳነው ገንዘብ በሙሉ ለብድር ሄደ ማለት ነው። በ36ኛው ወር ዕዳው ሲያልቅ ባትሪውም ይሞታል፤ ለመቀየሪያ የተቀመጠ ብር ግን የለም። ቤተሰቡ ወደ ኩራዝ ይመለሳል፣ ጎረቤትም “ሶላር አይረባም” ይላል። ፓነሉ ግን ጣሪያ ላይ ሆኖ አሁንም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በየቀበሌው እንዲህ ሆኖ የሚታየው ፓነል ጥቂት አይደለም፤ የልብስ ማስጫ የሆነም አለ።

ባትሪውን ያለ ዕድሜው የሚገድለውም የታወቀ ነው። መቆጣጠሪያውን ዘልሎ በቀጥታ ማገናኘት፣ ለሁለት መብራት በተገዛ ዕቃ ቴሌቪዥን መክፈት፣ ለመኪና ሞተር ማስነሻ የተሠራ ባትሪን በየማታው እስኪደርቅ መጠቀም፣ ፓነሉን ከነአቧራው መተው። ከገበያ ቀን ሸራ ላይ የተገዛ ዋስትና የሌለው ፋኖስ ደግሞ ክረምቱን እንኳ ሳይሻገር ይጠፋል። የዓለም ባንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 በጀመረው የላይቲንግ አፍሪካ ፕሮግራሙ የጥራት ፍተሻ ያስጀመረው እንዲህ ያለው ዕቃ ገበያውን ስላበላሸ ነበር።

የዋጋው ታሪክ ሌላም ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ገበያ አንድ ዋት ፓነል 4 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2012 ከአንድ ዶላር በታች ወረደ፤ በ2024 ደግሞ 20 ሳንቲም አካባቢ ደረሰ። ሃያ እጥፍ ረከሰ ማለት ነው። ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ10 ብር በታች ሲመነዘር፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር 15 በመቶ ረክሷል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ 40 ብር ገደማ የነበረው ዋት፣ በ125 ብር ምንዛሪ ሲሰላ፣ ትራንስፖርትና ትርፍ ሳይጨመር 25 ብር ያህል ነው፤ በግማሽ እንኳ አልወረደም። በእርግጥ በዚህ ጊዜ ውስጥ የእህሉም ዋጋ ብዙ ስለጨመረ በጤፍ ሲቆጠር ፓነሉ ረክሷል። ላምባውም ቢሆን በዶላር የሚገዛ ነው፤ ልዩነቱ ፓነል አንዴ ሲገዛ ላምባ በየወሩ መገዛቱ ነው።

ከዚህ አኳያ በማኅበራት በኩል የሚገዛ ሶላር ሁለት ነገሮችን ማስተካከል ይችላል። አንደኛው የክፍያ ጊዜ ነው፦ በሐምሌና በነሐሴ ከአርሶ አደር ወርሃዊ ክፍያ መጠየቅ ዘር ቆጥቦ ያቆየውን ሰው ማስጨነቅ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ምርት ሲያስረክብ ከሂሳቡ ላይ መቀነስ ግን ለሁለቱም ወገን ይቀላል። ሁለተኛው ባትሪው ነው፦ ከላይ ባለው ምሳሌ ብድሩ ከሦስት ወደ አራት ዓመት ቢራዘም ወለዱ ትንሽ ቢጨምርም በየወሩ ለባትሪ የሚቀመጥ ገንዘብ ይተርፋል። በቅርብ ዓመታት የመጡት የሊቲየም ባትሪዎች ሲገዙ ይወደዳሉ፤ በአግባቡ ከተያዙ ግን ከእርሳሱ እጥፍና ከዚያም በላይ ዕድሜ አላቸው። እንዲህ ያለ ባትሪ የተገጠመለት ዕቃ 4,200 ብር ቢያስወጣና ስድስት ዓመት ቢቆይ፣ በዚያው 100 ብር ቁጠባ በ42 ወር ይመለሳል፤ ቀሪው 30 ወር ለቤቱ ትርፍ ነው።