ቫይታሚን ዲ እና አስም፦ የአንድ ተስፋ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ2016 የአስም ሕሙማንን ያስደሰተ ዜና ተሰማ። በየአገሩ የተሠሩ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም፣ ቫይታሚን ዲ ከተለመደው መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ከባድ የአስም ጥቃትን ሳይቀንስ እንደማይቀር አስታወቀ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን ያው ተቋም ቃሉን አነሳ።

የተስፋው ሥር ሩቅ ነው። በ1922 አሜሪካዊው ኤልመር ማክኮለም የዓሣ ጉበት ዘይትን አሙቆና አየር አሳልፎበት ቫይታሚን ኤውን አጠፋው። ዘይቱ ግን አጥንት የሚያጎብጠውን ሪኬትስ መፈወሱን አልተወም። የቀረው ፈዋሽ ነገር ቫይታሚን ዲ ተባለ። ቆይቶም የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ቆዳችን ራሱ እንደሚሠራው ታወቀ። አጥንትን ያዳነ ሳንባንስ አያድንም? በ1930ዎቹ በአሜሪካ ለአስም የሞከሩት ሐኪሞች ነበሩ።

ጥያቄው በኋላም ጠነከረ። ቫይታሚኑ የሰውነትን የመከላከል አቅም እንደሚያግዝ ታየ፤ የአስም ጥቃትን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰው ጉንፋን ነው። በርካታ የአስም ሕሙማን ደም ውስጥም መጠኑ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ ሕመም የጠናበት ሰው ከቤት አይወጣም፣ ፀሐይም አያገኝም። እጥረቱ የሕመሙ መንስኤ ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል።

በ2014 በአሜሪካ መጠኑ ያነሰባቸው 408 አዋቂ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ይፋ ሆነ። ለ28 ሳምንታት ቫይታሚኑን የወሰዱት፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተሻለ ውጤት አላገኙም። የ2016ቱ ግምገማ ይህንንም ቆጥሮ ነበር፤ ግን በአዋቂዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ሁለት፣ ሰዎቹም 658 ብቻ ነበሩ። በ2023 ጥናቶቹ አምስት፣ አዋቂዎቹም 1,070 ደረሱ። ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሕፃናትና አዋቂዎች መረጃ አንድ ላይ ሲመዘን ጥቅሙ ጠፋ። ከሁለቱም ግምገማዎች ጸሐፊዎች አንዱ የለንደኑ ፕሮፌሰር ኤድሪያን ማርቲኖ ናቸው፤ ተስፋውን ያበሰሩት ራሳቸው አረሙት።

በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ አስማቸው የከፋ ወይም እጥረታቸው የበረታ ሰዎች በጥናቶቹ ውስጥ ጥቂት ነበሩ። እጥረት ያለበት ሰውም ለአጥንቱ ሲል በሐኪም ምክር ሊወስደው ይገባል። ሲበዛ ግን የደም ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል።

መልካም ዜና ፈጥኖ ይዛመታል፤ እርማቱ ግን እያዘገመ ይከተላል። የ2016ቱን ሰምቶ የ2023ቱን ያልሰማ ሕመምተኛ በክኒኑ ተማምኖ ኢንሄለሩን ቢያስቀምጥ፣ ዋጋውን የሚከፍለው በትንፋሹ ነው።