የ«ኦሮማይ» የመጀመሪያ እትም

ካፒቶል ሂል በሚገኘው ኤልየት ቤይ መጻሕፍት ቤት ደራሲ ከአንባቢዎቹ ጋር ተገናኝቶ መጽሐፉን ሲፈርም ማየት የተለመደ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ፓዮኒር ስኩዌር የተከፈተው ይህ ሱቅ ወደ ሰፈሩ የመጣው በ2010 ነው። የመጀመሪያ እትም ፊርማ ካረፈበት በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ከፍ ይላል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለዚህ ወግ አልታደለም። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. እንዳወጣው ታግዶ ከየመደብሩ ተለቀመ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አስቀድሞ የተሸጠው ቅጂ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ እንደገና ታትሟል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ሰብሳቢ የሚያስሰው ግን ያንን የ1975ቱን ነው፤ ሽፋኑ ቢላቀቅም፣ ጠርዙ ቢበላም፣ ፊርማ ባይኖረውም።