አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኦሮሚያ ክልል፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አዳማ ከተማ የሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በምህንድስና፣ በኮምፒውተርና በተፈጥሮ ሳይንስ መስኮች እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል። ተቋሙ ከተመሠረተ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ስሙ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ስሙ በተቀየረ ቁጥርም የተቋቋመበት ዓላማ አብሮ ተለውጧል።

አመሠራረት

እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ሥራ ጀመረ፤ ከተማዋ ያኔ በይፋ የምትታወቀው በዚሁ ስም ነበር። በኋላ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ። በ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት 10ኛ ክፍል ጨርሰው ወደ መሰናዶ ያልገቡ ተማሪዎች ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመደቡ ስለነበር ለእነዚህ ተቋማት ብዙ መምህራን ያስፈልጉ ነበር። ብየዳ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያስተምር ሰው ንድፈ ሐሳቡን ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ወርክሾፕ ገብቶ በእጁ ሠርቶ ማሳየት አለበት። በ2003 የቢዝነስ ትምህርት ሲጨመርም ዓላማው ያው የሙያ መምህራንን ማፍራት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ

በ2006 (1998 ዓ.ም.) አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሌሎች የትምህርት ዘርፎችን ከፈተ፤ በአሰላም የጤናና የግብርና ትምህርት ነበረው። በ2008 ትምህርት ሚኒስቴር የቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል እንዲሆን መረጠው። ይህ የሆነው መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ በወሰነበት ወቅት ነው። አርአያ የተደረጉት የጀርመን የተግባር ሳይንስ ተቋማት ሲሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲውን የመሩትም ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሄርበርት አይሸለ ነበሩ።

በግንቦት 2003 ዓ.ም. (2011) የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአሁኑን ስም ሰጠው። በፕሬዚዳንትነት የተሾሙት ደግሞ በሶል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ደቡብ ኮሪያዊው ዶክተር ጃንግ ጊዩ ሊ ናቸው። ለውጡ የሰው ብቻ አልነበረም። የጀርመኑ አርአያ ተማሪውን ከኢንዱስትሪ ሥራ ጋር ቀድሞ ማገናኘት ላይ ያተኩራል፤ በኮሪያው ዘመን ግን ምርምርና የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሰፊ ቦታ አገኙ። አንድ ተቋም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሥርዓተ ትምህርቱም አደረጃጀቱም እንደገና መታየት ነበረባቸው።

ዩኒቨርሲቲው ትኩረቱን እያጠበበ ሲሄድ የአሰላዎቹ ክፍሎች ተለይተው በ2014 ለተቋቋመው አርሲ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኑ። በዚያው ዓመት አዳማና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥተው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሥር ተደረጉ። ዛሬ ተጠሪነታቸው ተመልሶ ለትምህርት ሚኒስቴር ነው።

ቅበላና ትምህርት ቤቶች

በአብዛኞቹ ሌሎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚመደበው በአገር አቀፍ ፈተና ውጤቱና በሞላው ምርጫ ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና በጋራ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ወደ አዳማ መግባት የሚፈልግ ተማሪ በአገር አቀፉ ፈተና ካለፈ በኋላም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። በአዳማ የኮምፒውተር ሳይንስና ምህንድስና እንዲሁም የሶፍትዌር ምህንድስና ትምህርቶች ራሳቸውን የቻለ ፋኩልቲ የላቸውም፤ ከኤሌክትሪክ ምህንድስና ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። የሲቪል ምህንድስናና አርክቴክቸር፣ የሜካኒካል፣ ኬሚካልና ማቴሪያል ምህንድስና፣ እንዲሁም የተግባራዊ ተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ቤቶችም አሉት።