ከተወሰነላቸው ፍሪኩዌንሲ ውጭ ስለ ዋሉ የመኪና ራዲዮዎች

ፖሊሶችና የታክሲ ነጂዎች በመኪናቸው ሆነው የሚነጋገሩበትን ራዲዮ ፋብሪካው ሲሸጠው፥ ከምን እስከ ምን ባለው ፍሪኩዌንሲ እንደሚሠራ ወስኖ ነው። ብዙ ሰው ይህን ወሰን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጥረዋል፤ እኛ ግን የነገሩን ታሪክ ስንመረምር ወሰኑ አንድ ሳይሆን ሦስት ሆኖ አገኘነው፤ ይኸውም የመንግሥት፥ የፋብሪካና የዕቃው የራሱ ወሰን ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ስለ ሆነ ዓመታቱን በአውሮጳ አቈጣጠር ጽፈናል።

ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 ኤፍ ኤም ለተባለው የማስተላለፊያ ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኮነቲከት ፖሊስ ዳንኤል ኖብል በነደፈለት የኤፍ ኤም ራዲዮ በመኪና ይነጋገር ጀመር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታክሲውም ፖሊሱም ከ150 ሜጋሄርትዝ በላይ ያለውን ክፍል ያዘ። ያለ ደመወዝ ለፍቅሩ ሲሉ በራዲዮ የሚነጋገሩት አማተሮች ደግሞ ከ144 እስከ 148 ሜጋሄርትዝ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ጎረቤቶቹን ያገናኘው አንድ የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ቀድሞ የተናጋሪው ድምፅ ሞገዱን ከመካከሉ ወዲያና ወዲህ እስከ 15 ኪሎሄርትዝ ያወዛውዘው ነበር። ተናጋሪው ሲበዛ ቦታ ጠበበና ውዝዋዜው ወደ 5 ኪሎሄርትዝ እንዲወርድ ታዘዘ። ስለዚህ በ1960ዎቹ ብዙ ደኅና ራዲዮ ከሥራ ወጣ፤ አማተሮችም በርካሽ ዋጋ ገዙት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ከኳርትዝ የተቈረጠ ክሪስታል ነው። ማስተላለፊያው የክሪስታሉን ንዝረት 24 ጊዜ የሚያበዛ ከሆነ፥ በ146.94 ሜጋሄርትዝ ለመናገር 6.1225 ሜጋሄርትዝ የሚነዝር ክሪስታል ማሠራት ያሻል። ስሕተቱም አብሮ ይባዛል፤ ክሪስታሉ በ100 ሄርትዝ ቢሳሳት አንቴናው ላይ 2,400 ሄርትዝ ይሆናል። ክሪስታል መለወጥ ብቻም አይበቃም። ዥዋዥዌ በራሱ ጊዜ ካልተገፋ እንደማይወዛወዝ ሁሉ፥ ጥቅልል ሽቦዎቹም ለአዲሱ ፍሪኩዌንሲ አንድ በአንድ ካልተቃኙ ኃይሉ ወደ አንቴናው አይደርስም። ቅኝቱ አልደርስ ሲል በጥቅልሉ ላይ ትንሽ ካፓሲተር መጨመር ነበረባቸው። መቀበያውም እንዲሁ ነው።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ክሪስታል መግዛት ቀረ፤ ፍሪኩዌንሲው በኮምፒዩተር ተጽፎ በራዲዮው ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። የፋብሪካው ፕሮግራም ከወሰኑ ውጭ ያለውን ቍጥር አልቀበልም ይላል። አማተሮች ይህንንም አለፉት፤ አንዳንዶቹ የፕሮግራሙን ፋይል ከፍተው የወሰኑን ቍጥር ለወጡ። ነገር ግን ፕሮግራሙ እሺ ማለቱ ራዲዮው እሺ ማለቱ አይደለም። በውስጡ ያለው ንዝረት አመንጪ በቮልቴጅ ይገዛል፤ ቮልቴጁ ጠርዝ ላይ ከደረሰ በኋላ የታዘዘውን ፍሪኩዌንሲ ሊይዝ አይችልም። በደኅና የተሠራ ራዲዮ ይህን ሲያውቅ ማስተላለፊያውን ይዘጋል። ጠርዙ አጠገብ ያለው ደግሞ የባሰ አታላይ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ይሠራል፥ መኪና ውስጥ ሲሞቅ ወይም ሌሊት ሲበርደው ይለቃል።

የመንግሥት ወሰን ከነዚህ የተለየ ነው። የአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ያለው አማተር የንግድ ራዲዮን ወደ ራሱ ክፍል እንዲያወርድ አይከለክልም። የአማተር ራዲዮን ከፍቶ ወደ ፖሊስ ፍሪኩዌንሲ ማውጣትና እዚያ መናገር ግን አልተፈቀደም፤ የሥራው ዘዴ አንድ ዓይነት ቢሆንም በዚህኛው በኩል አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ሊኖር ይችላል። በእኛ አስተያየት፥ ወሰን ማለፍን ባጠቃላይ የሚያወግዙትም የሚያመሰግኑትም ይህን ሳይለዩ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በተራራና በፎቅ ላይ ቆመው ድምፅን ተቀብለው የሚደግሙት የአማተር ጣቢያዎች የተስፋፉት ባብዛኛው በእነዚያ በተጣሉ ራዲዮዎች ነው፤ መንግሥት ለጣቢያዎቹ የተለየ ደንብ ያወጣው በ1972፥ ነገሩ ከተስፋፋ በኋላ ነበር።

በ2013 መጀመሪያ ደግሞ የንግድና የፖሊስ ራዲዮዎች ከ25 ወደ 12.5 ኪሎሄርትዝ እንዲጠቡ ታዘዘ። መጥበብ የማይችለው ራዲዮ እንደ ገና ከሥራ ወጣ፤ ትእዛዙ የማይነካቸው አማተሮችም እንደ ገና ገዝተው ወደ 146 ሜጋሄርትዝ አወረዱት።