ፕሮቲኖች ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚገቡበት መንገድና ጉድለቱ የሚያስከትለው ሕመም

ማይቶኮንድሪያ ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጭ ክፍል ነው። የራሱ ዘረመል ቢኖረውም በሰው ላይ የሚያሠራው 13 ፕሮቲኖችን ብቻ ነው፤ ከ1,000 የሚበልጡት ሌሎቹ ከውጭ ተሠርተው ይገባሉ። ብዙዎቹ በጫፋቸው የአድራሻ ምልክት ይይዛሉ። ቶም የተባለው በር በውጨኛው ሽፋን፣ ቲም የተባሉት ደግሞ በውስጠኛው በኩል ያሳልፏቸዋል፤ ምልክቱም ከገቡ በኋላ ተቆርጦ ይወገዳል።

በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ፕሮቲኖችን የሚያጅበው ቲም 8ኤ ሲጎድል እምብዛም የማያጋጥመው የሞር-ትራነብየርግ ሕመም ይከሰታል። ዘረመሉ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ በአብዛኛው የሚጠቁት ወንዶች ናቸው። አስቀድሞ የሚታየው በልጅነት መስማት መቀነስ ነው፤ ከፈቃድ ውጭ የሆነ የጡንቻ መኮማተርና የእይታ መዳከም ከዓመታት በኋላ ይከተላሉ። ስለሆነም በእናት ወገን መስማት የተሳናቸው ወንዶች ያሉበት ቤተሰብ፣ ሕፃኑ ሲመረመር ይህንኑ ለሐኪሙ ሊያስረዳ ይገባል።