ብራናው፣ ሸራውና «ረቂቅ» የተባለው ሥዕል

ሥዕል የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ሰሞኑን «ስለ ዘመናዊ ሥዕል በአማርኛ ማስተማር በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፤ ቃሉ የለንም» አለኝ። እዚያው ልከራከረው ፈልጌ ነበር፤ ነገሩ ሰፊ ሆነብኝና እዚህ ልጻፈው አልኩ። በአጭሩ ቃሉ ነበረን። ግማሹን ረሳነው፤ አንዱን ደግሞ ያለ ቦታው አስቀመጥነው።

ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ልጀምር። የመካነ ሰላም ዙሪያ የቦረና ደጋ፣ ከዚያም ወደ አማራ ሳይንት ሲዘልቁ ተድባበ ማርያም ያለችበት አገር፣ የመጽሐፍ አገር ነው። መጽሐፈ ምስጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ስማቸው የሚጠራው በዚሁ ምድር ባለችው ጋስጫ ነው። መጽሐፍ ባለበት ደግሞ ብራና ፋቂ፣ ጸሐፊና ሠዓሊ አይጠፋም።

እነዚህ ሰዎች ቃል አልቸገራቸውም። የፍየሉን ቆዳ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ወጥረው ይፍቃሉ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ያዘጋጃሉ፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያቆዩታል። በመቃ ብዕር ይጽፋሉ፣ በገጹ አናት ሐረግ ይስላሉ፣ መጽሐፉ ሲያልቅ ማኅደር ያለብሱታል።

አሁን አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ግቡ። ሠዓሊው ሸራውን ምን ያደርገዋል? «ይወጥረዋል»። ግሱ የብራና ፋቂው ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት «ንድፍ» ያወጣል፤ ሥራው ሲያልቅ «የዘይት ቀለም ቅብ» ይባላል። ብሩሽና ኮላዥ ከውጭ መጡ፤ ይምጡ፣ ማንንም አልጎዱም። «ዐውደ ርእይ»ን ደግሞ ከግዕዝ ሰፍተን ለበስነው። ስለ ዕቃና ስለ አሠራር ከሆነ ወዳጄ ተሳስቷል።

ችግሩ ያለው የአሣሣል ስልቱ ስም ላይ ነው። አለ ፈለገሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ሲያሳይ ከተማው ተከራከረ። ሰውና ዛፍ የማይታይበትን ይህን ዓይነት ሥዕል በአማርኛ «ረቂቅ» አልነው።

ቃሉ ያምራል፤ ግን አሳሳተን። በቤተ ክህነት ትምህርት «ረቂቅ» የ«ግዙፍ» ተቃራኒ ነው፤ መላእክት ረቂቃን፣ ተራራ ግዙፍ። በመንግሥት ቋንቋ ደግሞ ያልጸደቀ ሕግ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ወይ የማይደረስበት ምስጢር፣ ወይ ያላለቀ ሥራ ይጠብቃል። (ጋለሪ ውስጥ የምሰማው አስተያየት እስካሁን ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙም አይወጣም።) ሠዓሊው ያደረገው ግን ተቃራኒውን ነው። የሚታወቀውን ምስል አንስቶ መስመሩን፣ ቀለሙን፣ ዕቃውን ራሱን ፊታችን አቆመ። የእስክንድር ቦጎሲያንን «የጁጁ ሠርግ» ውሰዱ፦ እ.ኤ.አ. 1964 የተሠራ፣ ተቆርጦና ተቀዶ በተዘጋጀ ካርቶን ላይ በቴምፔራና በብረት ቀለም የተሣለ፣ ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ያለ ሥራ። የተቀደደ ካርቶን ምኑ ነው ረቂቁ?

የተሻለው መግቢያ ደጃችን ነበር፤ ጠልሰም። ደብተራው ለታመመው ሰው ክታብ ሲሠራ ቆዳውን በሰውዬው ቁመት ልክ ይቆርጣል። ዓይን ይሥላል፣ መርበብተ ሰሎሞንን ይሥላል። ያ ዓይን የማንም ሰው ዓይን አይደለም፤ የማንንም መልክ አይመስልም። ሥራው መመልከት ነው፤ መንፈሱን አፍጥጦ ማባረር። እስክንድርም ዘሪሁን የትምጌታም ከዚህ ቀድተዋል። ጠልሰም ዘመናዊ ሥዕል ነበር እያልኩ አይደለም፤ የተሠራው ለፈውስ እንጂ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል አይደለም። ነገር ግን አንዲት የቦረና እናት፣ መስመርና ዓይን ማንንም ሳይመስሉ ኃይል ሊኖራቸው እንደሚችል ከኮሌጅ ተማሪው ቀድመው ይረዱ ነበር። ቃሉን ያልተጠቀምንበት፣ እንደሚመስለኝ፣ ስላፈርንበት ነው። ለካህኑ ጥንቆላ ሸተተው፣ ለተማረው ኋላ ቀርነት።

ደርግ ሲመጣ ጊዜ «ሶሻሊስት ሪያሊዝም» ሳይውል ሳያድር «ኅብረተሰባዊ እውናዊነት» ተብሎ ተተረጎመ። መመሪያ ሲኖር ቃል አይጠፋም።

ቃል ግን ከዕቃው ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዚያው ከደጋው፣ ከመቅደላ ከዘረፋቸው ብራናዎች 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። ዛሬ ደግሞ የታተመ መጽሐፍ ርካሽ ነው፤ የፋቂው ልጅ ሌላ ሥራ ይዟል።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ስነግረው «እሺ፣ ከኮላዥ በፊት ሐረግን አስተምራለሁ። ፋቂውን ግን ከየት ላምጣ?» አለኝ። መካነ ሰላም፣ ሳይንት ወይም ወግዲ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ቆዳ የሚፍቁ አባት የምታውቁ ከሆነ የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልን።